ውርንጭላው በማን ቤት ይጠራ

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከተሻገሩ ወዲህ አንኮበር ጭር አለች። ልጆቼ ጌቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ፤ ሚስቴን ከዚያ በፊት ቀብሬአታለሁ። የቤቴ ቁንጫ እንኳ ጓዙን ጠቅልሎ እንጦጦ የወጣ ይመስለኝ ነበር። የቀረችኝ አንዲት ዳማ ባዝራ፣ ሴት ፈረስ፣ ናት። ቀልዴን ሁሉ ለእሷ አወራላታለሁ፤ አንድ ቀንም አልሳቀችልኝ፣ ግን ጆሮዋን አቁማ ትሰማኝ ነበር።

ለሚ ድረስ ወስጄ ደህና ድንጉላ አስጠቃኋትና አረገዘች። ክረምቱ ሳይገባ ድርቆሽ አለቀብኝ። እኔ ተርቤ እሷን ላብላ ብል፣ ለራሴም የሚበላ አልነበረኝም። ገብስና ጭድ ለተረፈው ለአንድ የእነዋሪ ገበሬ ሸጥኳት።

በእኛ አገር ያረገዘች ባዝራ የሸጠ ሰው የአንገቷን ገመድ ፈትቶ ካስቀረ ሆዷን አልሸጠም፤ ውርንጭላው በእሱ ቤት ይጠራል። ከነገመዷ ከሰጠ ግን ሆዷም ሄደ። እኔም በደጄ፣ በምስክር ፊት፣ ገመዴን ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ገበሬው የራሱን አስሮ ቢስብ፣ ባዝራዋ ንቅንቅ አልል አለች።

«አያ፣ የሸጡልኝ ባዝራ ነው ወይስ የቤቱን ምሰሶ?» አለኝ።

ምን ላድርግ፣ የእሱን አውልቄ የራሴን መልሼ አሰርኩና እየመራሁ በረሳ ወንዝ አደረስኳት። እዚያም ገመዱን እንዳለ አስጨበጥኩት። ተሻገሩ። ቆሜ አየኋቸው፤ ጭራዋ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ።

በዓመቱ የንጉሡ ባልደራስ፣ የፈረሶቹ አለቃ፣ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ውርንጭላ ሁሉ በባለቤቱ ቤት ስም እየተጠራ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ። ብርዱ ሰላምታን ከአፍ ሳይወጣ የሚያረጋ ነው። ቢሆንም ሄድኩ። በዚያ ሜዳ የቤቴን ስም የሚያስጠራ ሌላ ነፍስ አልነበረኝማ።

የባዝራዋ ውርንጭላ ተራ ሲደርስ፣ በእኔ ቤት ይጠራ አልኩ። «እናቱን ያስጠቃት ማነው?» አለ ባልደራሱ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ልጅ ለልጁ እንደሚጠይቅ ሰው የድንጉላውን ባለቤት ደጅ ጠንቼ!»

«እንግዲያው ምጡም ያንተ ነበር በለና!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

ገበሬው ግን አልሳቀም። «ከደጃቸው ፈትተዋል፣ አልክድም» አለ። «ወንዙ ላይ ግን በገዛ ገመዳቸው ነው ያስረከቡኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንገቷ ላይ አለ።»

«ደጄ ላይ ፈትቻለሁ ጌታዬ፤ ሽያጩ ያለቀው እዚያ ነው!» አልኩ።

«ሽያጭ የሚያልቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው» አለ ባልደራሱ። «ወንዙ ላይ ለምን አልፈታህም?»

«ብፈታት ተከትላኝ ትመለሳለች ብዬ ነዋ።»

ሰው ደግሞ ሳቀ። ለእነሱ ያልነገርኳቸው ሌላ ነው፦ ፈትቻት ባትከተለኝስ ብዬ ነበር የፈራሁት።

ባልደራሱ ብዙም አልቆየ። «ከነገመዷ ሰጥተሃል፤ ሆዷም የእሱ ነው» አለና ለስም ጠሪው ምልክት ሰጠ። ጠሪው የእነዋሪውን ሰው ቤት ጮኾ ጠራ። ብረቱ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ውርንጭላው ዘለለ፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ሰው የሚያውቀኝ በሳቄ ነውና። እናቱ ጠጋ ብላ ደረቴን አሸተተች። ውርንጭላው ግን እንደማንኛውም መንገደኛ አየኝና ጡቷን ፍለጋ ዞረ።

ገበሬው ተከትሎኝ መጣ። «አያ፣ ቤት ያፈራውን ቀምሰው፣ አድረው ይሂዱ። ውርንጭላውንም ያለማምዱልኛል።»

«የለም ወንድሜ፣ ቤት የሚጠብቁኝ አሉ» አልኩት።

ደጄን ያውቀዋል፤ ማንም እንደሌለ በዓይኑ አይቷል። «እንግዲያው ሰላም በሉልኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ ባዝራዋ መልሶ።

«እላቸዋለሁ» አልኩና የአንኮበርን መንገድ ያዝኩ።