ኖራ የተቀባው መቀመጫ

አርጊሮ ተናዳለች። ንዴቷ የዛሬ አይደለም፤ መንግሥት ከቤቷ ማዶ ያለውን የጥንት ግሪኮች ፍርስራሽ በሽቦ ካጠረ ጀምሮ ነው። የአማቷ የወይራ ዛፎች ከነፍሬያቸው እዚያ ውስጥ ቀሩ። ቢሆንም እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ደጃፏን አያልፍም። ጀርመኑም ፈረንሳዩም ዓምድ ፎቶ ሲያነሳ ውሎ ፀሐይ አናቱን ስትበሳው ወደ እሷ ይመጣል። እያጉረመረመች በሯ ላይ ታስቀምጠውና በስኳር የተቀቀለ የቼሪ ፍሬ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ታቀርብለታለች። ልክፈል ብሎ ኪሱን ከነካ ግን ጉድ ይፈላል።

መቀመጫው ሁለት ድንጋዮች ላይ የተጋደመ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ባሏ ሳራንቶስ ዕድሜ ልኩን ከእርሻ ሲመለስ ያረፈው እዚያ ላይ ነው፤ የሞተውም እዚያው ነው። እሷ ከውስጥ ሆና "በጭቃ ጫማህ እንዳትገባ!" እያለች ስትጮህበት፣ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሕማማት፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ ግድግዳና ደጃፏን ኖራ ስትቀባ፣ አርጊሮ ከድንጋዩ ትጀምራለች።

ወይን በሚለቀምበት ሰሞን ሁለት ሆላንዳውያን፣ ባልና ሚስት፣ እንደ ሌላው ሁሉ ተቀምጠው በሉ፣ ሳቁ፣ አቀፏት። ከድንጋዩ ጋር ፎቶ አንስተዋትም "ደጎቹ የአገሩ ሰዎች" ብለው በስልካቸው ለዓለም በተኑት። በፎቶው ላይ፣ ኖራው በተላጠበት ጠርዝ በኩል የጥንት ቅርጽ ይታይ ነበር። የቅርስ ቢሮ ሰዎች ለሌላው ሁሉ ቢተኙም ለዚህ ዓይናቸው አይሰንፍም።

ብርዱ ሲገባ ሊወስዱት መጡ። ከፊት የሚመራቸው የፍርስራሹ ዘበኛ ፎቲስ ነበር፤ ራሷ ክርስትና ያነሳችው ልጅ።

"እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ታዝዤ ነው።"

"በእነዚህ እጆች ነው ክርስትና ያነሳሁህ! ምነው ያኔ የጥምቀቱ ገንዳ ውስጥ በለቀቅኩህ!"

"ቅርስ ነው እኮ፤ የሕዝብ ነው።"

"ሳራንቶስ እዚህ ሲወድቅ ሕዝቡ የት ነበር? እኔስ ሕዝብ አይደለሁም? እግርህን ቄጠማ ያድርገው!"

አራት ሰዎች ተሸክመውት ወደ ፍርስራሹ ግቢ ሄዱ። በማግስቱ ፎቲስ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ቦታው ላይ አስቀመጠላት። አንስታ መንገድ ላይ ወረወረችው። ከዚያ በኋላ ለእንግዳ በሯን አልከፈተችም፤ ደግነት ምን እንዳተረፈላት አይታለች።

ሕማማት ሲገባ፣ ዝናብ ጥሎ ባደረበት ጠዋት፣ ኖራዋን በጥብጣ ባልዲና ብሩሽ ይዛ የፍርስራሹን በር አልፋ ገባች። ፎቲስ ጭቃውን እየረገጠ ከኋላዋ ሮጠ።

"እማማ፣ በእመቤታችን እንዳትነኪው! ያስሩኛል!"

"ይሰሩህ! ስንቅ የማመጣልህ እንዳይመስልህ!"

ድንጋዩ ታጥቦ መጠለያ ሥር ቆሟል። ያን ሁሉ ዘመን ወደ መሬት ተደፍቶ በኖረው ገጹ ላይ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ የቆመ ወንድ ቀኝ እጇን ይዟል። አርጊሮ ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ማን ናት?"

"የመቃብር ድንጋይ ነው። የሞተችው የተቀመጠችው ናት። ባሏ እየተሰናበታት ነው።"

ጠጋ ብላ አየቻት። ከዚያ ከበፊቱ ይበልጥ ተቆጣች።

"እሷስ ዕድለኛ ናት! የእኔው ጉድ እጁን እንኳ ሳይሰጠኝ ሄደ። ስለ ጫማ እየጮህኩበት!" ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ፊቱ የመንግሥት ይሁን። ጀርባው የተቀመጠበት የሳራንቶስ ነው። ዞር በልልኝ!"

ፎቲስ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ማንም የለም። ባልዲውን አንስቶ ከድንጋዩ ጀርባ አስቀመጠላትና ብሩሹን አቀበላት።

ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበር፤ ገና የተጠረገውን ወለል አበላሽቶታል። አርጊሮ አየችው። ምንም ሳትናገር ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረች።