ጺም ያለው «እኔ»

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በአማርኛ ትምህርት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የዚያ ዘመን የአማርኛ ጉብዝና ምን ይመስል እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ጎበዝ ማለት ቲቸር የተናገረውን ቃል በቃል ይዞ፣ ሳያላምጥ መልሶ የሚተፋ ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ለዚህ የተፈጠርኩ ነበርኩ። እጄን ሳወጣ ዴስኩ እስኪነቃነቅ ነበር የማወጣው።

የኛ ዘመን የአምቦ ልጆች መቼም ታስታውሳላችሁ። በደወል ፋንታ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ከየሰፈራችን እየሮጥን፣ ባንዲራ ሰቅለን፣ መፈክር አሰምተን፣ ጉሮሯችን ደርቆ ነበር ክፍል የምንገባው። ክረምት ሊገባ ሲል ክፍሉ ጠመኔና በደንብ ያልደረቀ ዩኒፎርም ይሸታል። በእረፍት ሰዓት «ሰኞ ማክሰኞማ የሕፃን ጨዋታ ነው» እያልን እንኮራና፣ ማንም አያየንም ስንል ከክፍሉ ጀርባ መሬቱን ጭረን እንዘላለን። እንዘላለን የምለው እኔና ራህመትን ነው።

ከጎኔ፣ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ራህመት የሸምሱ ባለሱቁ ልጅ ናት። አባቷ ከስልጤ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ፣ አማርኛውን ከስልጤኛ እያደባለቀ ደንበኛውን ሁሉ የሚያስቅ ሰው ነበር። የኔ አባት ኦቦ ፈይሳ ደግሞ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። ስኳር በራሽን ካርድ በሚታደልበት ዘመን፣ የስኳሩን ክፍል ቁልፍ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው እንዴት እንደሚከበር ለናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ትልልቅ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከሩቅ ሲያዩት «ኦቦ ፈይሳ፣ አካም ጅርተ!» እያሉ ባርኔጣቸውን ያነሡለት ነበር። እኔም የሱ ልጅ ነኝ ብዬ አንገቴን እሰብቅ ነበር፤ ሞኝ!

የአማርኛ አስተማሪያችንን ቲቸር እያልኩ ልቀጥል፤ ስሙ አይጠቅማችሁም። ጠዋት አማርኛ ያስተምረናል፣ አርብ ከሰዓት ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባውን ይመራል። አንዱ ይነሣና «እኔ ሁለት ቀን አርፍጃለሁ፣ እኔ የአድኃሪ ጠባይ አሳይቻለሁ» እያለ ጥፋቱን ይዘረዝራል፤ ቲቸርም ይጽፋል። ጥፋት የሌለው ጥፋት ይፈጥራል። እኔ ራሴ አንድ አርብ ያልሰረቅሁትን ጠመኔ ሰርቄያለሁ ብዬ ተናዝዣለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ተራዬ ደርሶ የምለው ጠፋኝ። ቲቸር ራሱን ነቅንቆ መዘገበልኝ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። የጠፋ ጠመኔ መኖር አለመኖሩን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ታዲያ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ስለ ልቦለድ ተራኪ ሊያስተምረን የተነሣው። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈ። «እኔ» ካለ፣ ተራኪው ደራሲው ራሱ ነው። «እሱ» ካለ፣ ሌላ ሰው ነው። የሁሉን ሰው ሆድ ካወቀ፣ ሁሉን አወቅ ነው። ከዚያ ጠመኔውን ከእጁ አራገፈ፤ ትምህርቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠን መልመጃ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ቀይ እስክሪብቶውን ያወጣና «እኔ» የሚለውን እየከበበ ይቆጥራል፤ ሦስት ከሞላ ደራሲው ተያዘ ማለት ነው። ተረት ሲነግሩን ጅብም ጦጣም ሆነው በሚያወሩ ሽማግሌዎች መሀል ያደግን ልጆች ነን እንግዲህ ይህን ዝም ብለን የተቀበልነው። «እንዴ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔማ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቀጥሎ እያንዳንዳችን አጭር ልቦለድ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። ጥሩው ክፍል ውስጥ ይነበባል፣ ተራኪው ማን እንደሆነ እንለያለን፣ ከዚያ የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ይለጠፋል። እኔ ስለ አንድ ጀግና ትራክተር ነጂ ጻፍኩ። ትራክተር ነድቼ አላውቅም፣ ነጂም አላውቅም፤ «እሱ» እያልኩ ስለጻፍኩ ግን ምንም አልፈራሁም።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት አኮ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ ወገቧን ታምማ ጓዳ ውስጥ ካለው አልጋ ላይ ከዋለች ወራት አልፈዋል። ከአልጋዋ ሥር ሦስት ጆንያ ገባ። እናቴ «ጤፍ ነው» አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ጠዋት ጠዋት ግን ከጓዳው በር እስከ አልጋው ሥር ጉንዳን ይሰለፋል፤ እናቴም አመድ በሣህን ትሰጠኝና «ሂጂ በትኝው» ትለኛለች። ጤፍ ቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ ግን አይቼ አላውቅም። ገብቶኝ ነበር። ሻያችን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በጨው ሲጠጣ የኛ ለምን እንደሚጣፍጥ ገብቶኝ ነበር።

ራህመት ለቤት ሥራ እኛ ቤት ስትመጣ አኮ አጠገቧ ታስቀምጣትና ፀጉሯን እየዳበሰች «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» እያለች ታጫውታት ነበር። አንድ ቀን አመዱን ይዤ ተንበርክኬ ሳለሁ ራህመት ከች አለች። አየችኝ፤ ጉንዳኑንም ጆንያውንም አየች። ምንም አልጠየቀችኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እፍኝ አመድ ዘገነችና አገዘችኝ።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር ከደብተሮቹ መሀል አንዱን መዘዘና «ይህን ስሙ» አለ። የራህመት ነበር። «ጺሜ ሸብቷል፤ እናቴ ግን ዛሬም ልጄ ትለኛለች» ብሎ ይጀምራል። የሚያወራው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። ሦስት ጆንያ ስኳር ከታማሚ እናቱ አልጋ ሥር ደብቋል። ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ልጆቹ አንድ ጊዜ ተርበው ሲያለቅሱ ስላየ፣ ያ ቀን ይመለስብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። በየጠዋቱ ጉንዳኑን በአመድ ይበትናል። ፈታሾች ሲመጡ አሮጊቷን አይተው ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ተመርቀው ይሄዳሉ። እናትየዋ ስትመርቃቸው ግን ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሯ ያለውን ታውቃለች። ነጋዴው ይህን ያይና ጓሮ ወጥቶ ያለቅሳል። አለቀ። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

እኔ ጉንዳኑ ላይ ሲደርስ ነው ክው ያልኩት። አልጋው የአኮ አልጋ ነው። ነጋዴ አድርጋ፣ ጺም አብቅላለት፣ የጻፈችው አባቴን ነው። ደግሞ እንዴት አድርጋ! አባቴ ሊፈራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጓሮ ወጥቶ ሊያለቅስ ይችላል ብዬማ በሕልሜም አላሰብኩ። እሷ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ያውም የሰው አባት፣ ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ትምህርቱ ይህ ነበር እንግዲህ፤ ክፍሉ ውስጥ የገባት እሷ ብቻ ናት።

ቲቸር ቀይ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ «ተራኪው ማነው?» አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ሽማግሌው ነጋዴ ነው፣ ቲቸር» አለ። መልሱ ይኸው ነበር፤ ትክክል! ቲቸር ግን «ሽማግሌው ነው ደብተሩን ያስረከበኝ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ ራህመት ዞረና ይህን ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። «ፈጥሬ ነው፣ ቲቸር» አለች። «ጉንዳኑንም ፈጠርሽው?» አላት። ፊቱ ላይ የአርቡ ፊቱ መጣ፤ እስክሪብቶው ቆመ። የራህመት ዓይን ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

ልትናገር ነው አልኩ። የአባቴ እጅ በገመድ ታስሮ በገበያው መሀል ሲነዳ፣ አንገቱ ላይ «አሻጥረኛ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። እጄን አላወጣሁም፤ ብድግ ብዬ ቆምኩ። «ቲቸር፣ አንደኛ መደብ ነው» አልኩ። «‹እኔ› ካለ ተራኪው ደራሲው ራሱ ነው። የቤቷን ነው የጻፈችው።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቲቸር «ጎሽ ጫልቱ!» ብሎ እዚያው በቃሉ አሥር ከአሥር ሰጠኝ፤ ክፍሉም እንደ ልማዱ አጨበጨበ።

ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች የሸምሱን ሱቅ ገለባበጡት። የነሱንም ነገር ልንገራችሁ። ጠብመንጃ ይዘው፣ ቲቸር የሰጣቸውን የራህመትን ደብተር ይዘው ነው የመጡት፤ ልቦለድ እያነበቡ ቤት የሚፈትሹ! ስኳሩን ሲያጡ «ታማሚ እናትህ የታሉ?» አሉት። ሸምሱ እናቱ በአገሯ ሞታ ከተቀበረች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ነገራቸው። አንደኛው «ታዲያ የት ነው የደበቅሃቸው?» አለው አሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ካርቶን ሳሙና አገኙና እሱኑ አሻጥር አሉት። ሱቁ ታሸገ፤ ሰውየውም ቀበሌ ታሰረ። ራህመትን ጠርተው ታሪኩን ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ከጭንቅላቴ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

አባቴ የሆነውን ከኔ ሰማ። እርምጃዬን፣ መልሴን፣ አሥር ከአሥሬን ሁሉ ነገርኩት። ራሴን ዳበሰኝ፤ «ጎበዝ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጆንያዎቹ በአንድ ዘመዳችን ጋሪ ወደ እጃጂ ሄዱ። አኮ ከዚያ ወዲያ ራህመት የት ቀረች ብላ አልጠየቀችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት አበዛች። እኔም ጓዳ መግባት ፈራሁ፤ ምግቧን እናቴ ብቻ ታስገባላት ጀመር።

ሸምሱ ተፈታ፤ የሱቁ ፈቃድ ግን አልተመለሰለትም። ክረምቱ ሳይገባ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጌዶ ሄደ። ራህመት ትምህርቷን ተወች። ዴስኩ ላይ ከጎኔ ሌላ ልጅ ተቀመጠች፤ እኔ በዓመቱ መጨረሻ በአማርኛ አንደኛ ወጥቼ ተሸለምኩ። ሽልማቱን የሰጠኝ ቲቸር ነው።

መንግሥት ተለወጠ። ቲቸርን አንድ ቀን አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲያወራ ሰማሁት። «እነሱ አሰሩ፣ እነሱ አሸጉ፣ እነሱ ስንቱን ልጅ ከትምህርት አስቀሩ» ይላል፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባንድ ጀምበር «እኔ» ከአፉ ጠፍታለች፤ የሁሉን ጥፋት የሚያውቅ፣ ራሱ ግን የትም ያልነበረ ሰው ሆኗል። ልስቅ ከጀልኩና ተውኩት። እኔስ? ይህንኑ ታሪክ ለልጆቼ ስንት ጊዜ «አንዲት ተማሪ ነበረች» እያልኩ ነግሬያቸዋለሁ!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለለቅሶ ወደ ጌዶ ሄድኩ። ውሃ ልገዛ ከመንገዱ ዳር አንድ ሱቅ ብገባ ባንኮኒው ኋላ ራህመት ቆማለች። ወፍራለች፣ ሻርፗን ጥሩ አድርጋ ጠምጥማለች። «ጫልቱ!» ብላ ዞራ ወጥታ አቀፈችኝ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እያከታተለች ስለ ሁሉም ጠየቀችኝ። አኮን ጠየቀችኝ፤ ካረፈች ቆይቷል አልኳት። አባቴን ጠየቀችኝ፤ እሱም እንዳረፈ ስነግራት ከልቧ አዘነች። «ደግ ሰው ነበሩ፤ ይፈሩ ነበር እንጂ» አለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን አላስጨረሰችኝም። «ያን ቀን ወደ አንቺ ሳይ ልናገር መስሎሽ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። «አይዞሽ ልልሽ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ደንበኛ ገባና ዘይት ልትቀዳለት ዞረች።

ዛሬ የኔ እኩዮች ለሠርግም ለለቅሶም ስንሰበሰብ ወሬያችን አንድ ነው። «የዛሬ ልጆች ጓደኝነት የት ያውቃሉ! ያኔ ነበር እንጂ ፍቅር፣ ያኔ ነበር እንጂ መተሳሰብ» እንላለን። እየተመጻደቅን፣ ዓይናችንን በጨው አጥበን። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ውሸትም አይደል። ነበር። ከጎኔ፣ እዚያው ዴስክ ላይ፣ ተቀምጦ ነበር። እኔ ጋ ግን አልነበረም።