ቆሎ ቆርጣሚው

የደባርቅ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ክንዴ ሰውየውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በካፖርቱ ኪስ ነው፤ በገብስ ቆሎ እንደተነፋ ይኖራል። የስኳር በሽተኛ ነው። «ገብሱን ከነገለፈቱ ይቆርጥሙ፤ የገለፈቱ አሰር ስኳሩን ቀስ እያለ ወደ ደምዎ ይለቀዋል» ብሎ የመከረው ራሱ ክንዴ ነበር። ሰውየውም ወረፋ ሲጠብቅ ይቆረጥማል፣ ሲመረመርም ይቆረጥማል።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ፣ ለስኳር ራሽን ከሰልፉ ፊት ተገትሮ ሲያገኘው ክንዴ ደሙ ፈላ።

«አባቴ፣ ሊሞቱ ነው እንዴ?»

«ለእኔ አይደለም፣ ልጄ» አለና ሰውየው ከቆሎው ዘገነለት።

ክንዴ አላመነም፤ ከኋላ ከኋላው ተከተለው። ሰውየው ስኳሩን በካፖርቱ ሸፍኖ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሻይ እየሸጠች ከምትኖረው ከሸጊቱ ቤት ዘው አለ። ስኳር በጠፋበት ከተማ የእሷ ሻይ ለምን እንደሚጣፍጥ ክንዴ ያኔ ገባው። ለሰውየው ግን ስኳር የሌለው ሻይ ቀረበለት።

«ኧረ ይኼን መራራ እንዴት ይጠጡታል?» አለች ሸጊቱ፣ ሳቋን አፍና።

ሰውየው ጢሙን አሻሸና ብርጭቆውን መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

«ባዶውንም ቢሆን አንቺ አንዴ አማስዪው፤ ይበቃኛል።»