ሆድ የማይነካው ጀርባ

ግትሯ ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን ከእናቷና ከወንድሟ በቀር የሚያስታውስ ሰው የቀረ አይመስልም። አባቷ ባቋቋሙት የእንጨት ሥራ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊታር ሠርታለች። ቅጽል ስሙም የወጣላት በጀርባ ክርክር ነው፤ በጊታር ጀርባ ማለት ነው።

አባትየው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጀርባው ላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ለጥፈው ጥቁር ቀለም ይቀቡት ነበር። «ፊቱን አሳምሪ፤ ጀርባውን ማን ያየዋል?» ይሏታል። ታላቅ ወንድሟ ሥራ ቤቱን ሲረከብ ይቺን አነጋገርም አብሮ ተረከባት። እሷ ደግሞ ጀርባ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም ባይ ናት። ክሩ ሲመታ ፊቱ ይርገበገባል፣ ውስጥ ያለው አየር ይገፋል። ጀርባው ስስና ወጥ እንጨት ከሆነ አብሮ ይርገበገባል፤ ድምፁም ይሞቃል። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ግን እንደ ግድግዳ ተገትሮ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ያም ይሰማል፤ አዎ፣ ይጮኻል። ጩኸት ደግሞ ገበያም ሞልቶታል።

ስለዚህ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር አፍርሳ የራሷን የጊታር ጀርባ ሠራች። ትልገዋለች፣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ጆሮዋን ትደቅናለች፣ እንደገና ትልገዋለች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ወንድምየው «በዚህ ጊዜ ስንት ወንበር ይወጣ ነበር!» እያለ ሲነጫነጭ ከረመ።

በመሐል አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አርባ ጊታር ሊያሠራ ነው ተባለ። የትምህርት ቤቱ የጊታር መምህር መጥተው የአባትየውን ዓይነትና የእሷን አወዳድረው ይመርጣሉ። ወንድምየው ቁርጡን ነገራት።

«ያንቺ ከተመረጠ እንደፈለግሽ ትሠሪያለሽ። ካልተመረጠ የአባባን ዓይነት እኔ እሠራለሁ፤ አንቺ ጊታር የሚባል ነገር አትነኪም። ጠረጴዛሽም የወንበር እግር ይሠራበታል።»

«እሺ» አለች። ልቧ ሙሉ ነበር።

መምህሩ መጡ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ በበሩ ሲገቡ ሆዳቸው ቀድሟቸው ነው የገባው። በአባትየው ጊታር አንድ ዜማ ተጫወቱ፣ ቤቱ አስተጋባ። የእሷን አነሡና ሆዳቸው ላይ ደገፍ አድርገው ያንኑ ዜማ ደገሙት። ትራስ ሥር እንደተረሳ ሬዲዮ ታፍኖ ወጣ። ወንድምየው ፈገግታውን ሊደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ግትሯ ፊቷ ጋለ። ጥፋቱም የራሷ መሆኑ ወዲያው ገባት። መጫወት አታውቅም። ሁልጊዜ የምትሞክረው አንገቱን ይዛ፣ በአየር ላይ አንጠልጥላ፣ ክሩን በመምታት ነው። ሰው ሲያቅፈው ምን እንደሚሆን አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሆድዎ እያፈነው ነው» አለች።

«አንቺ ልጅ! አፍሽን ዝጊ!» ወንድሟ ነው።

«አልዘጋም። ትንሽ ያርቁት፤ ጎኑ ብቻ ይንካዎት።»

መምህሩ ይቆጡ ይሳቁ ሳይታወቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጊታሩን ከገላቸው አርቀው መቱት። ይኼኔ ድምፁ ወጣ። የወፍራሙ ክር ድምፅ ወለሉን ይዞ መጥቶ ደረቷ ውስጥ ገባ። ጥግ ላይ እንጨት ሲያለሰልስ የነበረው ሠራተኛ እጁ ባለበት ቆመ። ግትሯ እንባዋ መጣ፤ ደስ አላት፣ ማንም ምንም ይበላት።

መምህሩ ጊታሩን ገልብጠው ጀርባውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጊታር ይዤ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አርባ ተማሪ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀምጬ አልዘልቀውም፤ ሁሉም አቅፎት ነው የሚጫወተው። ጀርባውን ትንሽ አወፍሪውና አርባውንም አንቺ ሥሪ።»

ወንድሟ በዓይኑ ለመናት፤ እሺ በይ፣ በእናትሽ እሺ በይ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጎደለችው።

«እኔ ጊታሩን ከማወፍረው እርስዎ ቢከሱ ይሻላል» አለች።

መምህሩ ከልባቸው ሳቁ። ሥራውን ግን ለወንድምየው ሰጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ወንድሟ አንድ ሸክም የወንበር እግር አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው።

«ተነጋግረናል። ልቀቂ።»

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ይኼን ጠረጴዛ ለማን ነው የተወው?»

«ለሁለታችን ነዋ።»

«እንግዲያው ግማሹ የኔ ነው።»

መጋዙን ከግድግዳው አወረደች። የምትቀልድ መስሎት ነበር። የወንበር እግሮቹን ወለሉ ላይ ደረደረችለት፣ መሐሉን በሜትር ለካች፣ በእርሳስ አሰመረች፣ መገዝገዝ ጀመረች።

«አበድሽ እንዴ! የአባባን ጠረጴዛ?»

ቀና ብላም አላየችው። እንጨቱ ወፍራምና የደረቀ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባት። ሊቆረጥ ሲል ግማሹ ተንጋድዶ መጋዙን ነከሰው። ወንድምየው ሳያስበው እጁን ሰዶ ከሥር ደግፎ ያዘላት። ለምን እንደያዘላት ራሱም አያውቅም። እሷም አላመሰገነችውም፤ መጋዟን አላቅቃ ጨረሰችው።

ግማሽ ጠረጴዛ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው። እናቷ ቤት ወስዳ፣ ሶፋውን አስነሥታ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በብሎን አሰረችው። እናቲቱ ስለ ሶፋቸው አንድ ሳምንት አኮረፉ፤ ከዚያ ለመዱት። ዛሬም እዚያው ላይ ትሠራለች፣ በዓመት ሦስት ጊታር፣ ቢበዛ አራት። ሊገዛ የመጣውን ሰው ወንበር ሰጥታ አያያዙን ታያለች። ጀርባውን ሆዱ ላይ ከለጠፈው ምንም ሳትናገር ከእጁ ተቀብላ ግድግዳው ላይ መልሳ ትሰቅለዋለች።