በርቢ የተሰጠኝ ቀንድ አውጣ

ልጅ እያለሁ ቀንድ አውጣ አረባ ነበር ስላቸው ልጆቼ ይስቁብኛል። «ምን ሊያደርግልሽ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይታለብ፣ አይሸለት፣ አይበላ። እኔ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ከእህል ጎታችን ሥር ደብቄ አሳድጌዋለሁ። ያን ያህል ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳልፈራ አልዋልኩም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቤታችን ከዓለም ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ዳገት ጫፍ ላይ ነበር፤ ከደጃችን ቁልቁል ሲያዩት የጀማ ገደል ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቶልን ገብቼ ነበር። መምህራችን የሩቅ አገር ሰው ስለነበር የሰፈሩን ነገር አያውቅም፤ እኔንና ብርቄን አንድ ድንጋይ ላይ አጣምሮ አስቀመጠን።

ብርቄ የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ናት። አሁን «እትዬ» እላቸዋለሁ እንጂ ያኔ እንዲያ የሚላቸው አልነበረም፤ ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡትን ሴትዮ ሕፃን ሳይቀር «አንቺ» ይላቸው ነበር። ቡዳ ናቸው ይባሉ ነበራ። እማዬ ድስቱንም ጋኑንም የምትገዛው ከእሳቸው ነው፤ ግን ከደጅ አያልፉም፣ ውኃም አትሰጣቸውም። እኔንም «ከልጅቷ እጅ ምንም እንዳትቀበይ፣ ዓይን ዓይኗንም አትዪ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ደግሞ ያን ሳቂታ ዓይን ሳላይ መዋል አልችልም ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ለሸክላ የሚሆነውን ጭቃ የሚያመጡት ከገደሉ ሥር፣ ከቆላው ነው። አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ብርቄ ክፍል ውስጥ ጭብጧን ፈታችልኝ። ባቄላ የምታህል ቀንድ አውጣ መዳፏ ላይ ቀንዷን አወጣች።

«በርቢ ልስጥሽ» አለችኝ።

ርቢ ማለት በእኛ አገር ከብት ያለው ከብት ለሌለው የሚሰጥበት ውል ነው። ዋናዋ የባለቤቱ ናት፤ አርቢው ይቀልባታል፣ ይጠብቃታል፤ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ። አባቴም በርቢ የያዟት ላም ነበረቻቸው። እናላችሁ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ኮራሁ።

«ወንድ ከሆነስ?» አልኳት።

«እስቲ አፉን ከፍተሽ እዪው» ብላ ሳቀች።

«መቼ ነው የሚወልደው?»

«ከንፈሩ ሲገለበጥ። እናቴ ድስት ስትሠራ መጨረሻ ላይ ከንፈሩን ትገለብጠው የለ? ልክ እንደዚያ።»

እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ የቅርፊቱ ጠርዝ እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሳሳ ነው፤ በጣት ቢነኩት ይሰበራል። ቀንድ አውጣ የሚያድገው በዚያ ጠርዝ በኩል ነው፤ ቤቱን እያስረዘመ፣ እየጠመዘዘ ይሄዳል። ማደጉን ሲጨርስ ጠርዙ ወደ ውጭ ይታጠፍና ይወፍራል። ደረሰ የሚባለው ያኔ ነው።

በተሰበረ ጋን ገል ውስጥ አኖርኩትና ጎመን ሰጠሁት። የእንቁላል ቅርፊት አደቀቅኩለት። ብርቄ ነጭ ነገር ቤቱን ያጠነክርለታል ስላለችኝ ከሰሌዳው ሥር የወዳደቀ ጠመኔ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እወስድለት ነበር፤ ያንን ሲፍቅ ጆሮዬን ገሉ ላይ ደፍቼ ኪርር ኪርር ሲል እሰማዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን ልገድለው ነበር። በግም ላምም በጨው እንደሚሰባ አይቻለሁና ቶሎ ይድረስልኝ ብዬ ጨው ነሰነስኩለት። አረፋ ደፍቆ ተሸመቀቀ። ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ወደ ምንጭ ስሮጥ ብርቄን አገኘኋት። «አንቺ በግ! ጨው እኮ እሳት ነው ለሱ!» ብላ ነጥቃኝ ውኃ ውስጥ አለቀለቀችው። ተረፈ። ቅርፊቱ ላይ ግን ያች ቀን እንደ ጠባሳ መስመር ሠርታ ቀረች።

በጋው ሲከር ደግሞ አፉን በነጭ ስስ ነገር ደፈነና ቀረ። ሁዳዴ የገባ ሰሞን ነበር። ሞተ ብዬ ሳለቅስ ብርቄ «ጾም ይዞ ነው» አለችኝ፤ እኔም አመንኩ። መጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከፍቶ ወጣ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ፍርሃቱን አልነገርኳችሁም። እማዬ በጎታው በኩል ስትጠርግ መጥረጊያውን ልቀበላት እሮጣለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገብተው ሲቀመጡ «እዚህ ቤት ምንድነው የሚሸተኝ?» ባሉ ቁጥር ጎታውን ከልዬ እቆማለሁ። ቀንድ አውጣው ብቻ ቢሆን በዱላ አልፈው ነበር። ከማን እንደተቀበልኩ እንዳይታወቅ ነው የምፈራው። ከላይኛው ሰፈር አንዲት ሸክላ ሠሪ ልጇን አዝላ፣ ዕቃዋን ተሸክማ በጠራራ ፀሐይ ስትሄድ፣ ከኋላዋ ሰው ድንጋይ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁ።

በሁለተኛው ክረምት ማለቂያ ላይ ከንፈሩ ተገለበጠ። ጭብጤን አክሎ ነበር። ወሰድኩላት፤ ብርቄ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን በጠርዙ ዙሪያ አስኬደችና «ደረሰ» አለች በሹክሹክታ። ለውላጆቹ ስም ስናወጣ ዋልን።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ በእማዬ ጩኸት ነቃሁ። ሙሉ የምትባለው የሦስት ዓመቷ እህቴ በትኩሳት ትነድዳለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ቁርበቷ ላይ፣ ከግርግዳው ጀምሮ እስከ ራስጌዋ ድረስ፣ የሚያብረቀርቅ ልጋግ ተጋድሟል። ቀንድ አውጣው ከገሉ ወጥቶ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ነበር።

እትዬ ዘነበች ሲሮጡ መጡ። አዩት። አማተቡ።

«ይሄ ከቆላ ነው የሚመጣ፤ እዚህ ዳገት ላይ ታይቶ አያውቅም። የሰው እጅ ነው ያስገባው» አሉ። ከዚያ ፍም አስመጥተው የያዙትን የመድኃኒት ሥር ጨመሩበትና ሕፃኗን ጭሱ ላይ አቀረቧት። «ማነሽ? ማን ነው የያዘሽ? ተናገሪ!» ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ስም ይለፈልፋል ይባላል። ሙሉ ሳለች፣ ታነቀች፣ አንድም ቃል አልወጣትም።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ። እናንተ አንባቢዎቼ ያን ፍርሃት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ብርቄን እወዳት ነበር። ግን ሙሉ ልትሞት ነው። የሚባለው ሁሉ እውነት ቢሆንስ? ሁለት ክረምት ሞት እየቀለብኩ ቢሆንስ?

አባቴ ከጎታው ሥር ገሉን ከነጠመኔው አገኙና ተንበርክከው ትከሻዬን ያዙኝ። አልመቱኝም፣ አልጮሁብኝም። «የኔ ልጅ፣ ማን ሰጠሽ?» አሉኝ ዝግ ብለው።

«ብርቄ» አልኩ።

እትዬ ብዙነሽን ጎረምሶች ከፊትና ከኋላ ሆነው አመጧቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበር፤ ከሥራቸው ላይ ነው ያነሷቸው። ያን ቀን መጀመሪያ ጊዜያቸው ነው ከደጃችን ሲያልፉ። የበላው ቡዳ እንዲለቅ በበሽተኛው ላይ እንትፍ ማለት አለበት ተብሎ ነው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሙሉ ደረት ላይ አደረጉ።

«ደረቷ እንደ ወናፍ ነው። ሳንባዋን ብርድ መቷት ነው። በእግዚአብሔር ጭሱን አውጡላትና ሐኪም ጋ ውሰዷት።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ትፊ!»

«እናንተዬ፣ ልጅቷ እያለቀች ነው...»

«ትፊ ተብለሻል፣ ትፊ!»

ተፉ። አፋቸው ደርቆ ስለነበር ምራቅ እንኳ አልወጣቸውም፤ «እንትፍ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ እማዬ ምን እንደገባት አላውቅም፣ ሙሉን በጋቢ ጠቅልላ አባቴን አሳዘለቻቸውና ወደ ዓለም ከተማ ጤና ጣቢያ እየሮጡ ወረዱ። ቀንድ አውጣውን እትዬ ዘነበች በመቆንጠጫ ይዘው እሳት ውስጥ ጣሉት። ቅርፊቱ ሲፈነዳ ጆሮዬን ደፈንኩ።

ሙሉ መርፌ እየተወጋች ሰንብታ ዳነች። በአባቴ ጀርባ ሆና እየሳቀች ስትመለስ ሰፈሩ እልል አለ። እኔም ከልቤ እልል አልኩ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ምንጭ ስወርድ ግን ሴቶቹ «ተፋችላት፣ ለቀቀቻት» ሲባባሉ ሰማሁ። መርፌውን ያነሳ የለም። ሙሉ ብትሞት ኖሮ ብዙነሽ በላቻት ሊባል ነው፤ ስትድን ደግሞ የበላችው እሷ ባትሆን እንዴት ለቀቀቻት ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሸክላቸውን የሚገዛ ጠፋ። ልጆች ጎጇቸው ላይ ድንጋይ ይወረውሩ ጀመር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል እናትና ልጅ ዕቃቸውን ተሸክመው በደጃችን በኩል አለፉ። ብርቄ ወደ አጥራችን ጠጋ አለች። አልሰደበችኝም።

«ወለደልሽ?» አለችኝ።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ያን የምወደውን ዓይን ሳላየው የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ቀና ስል ቁልቁለቱን ጀምረዋል።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ሙሉ የሦስት ልጆች እናት ናት። ሸክላው በከተማ ሱቅ ተደርድሮ ሰው እያደነቀ ይገዛዋል፤ የማን እጅ ሠራው ብሎ የሚሸሽ አላይም። ልጆቼ ቡዳ ሲባል ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያኔ የምፈራው የሰው ዓይን ነበር፣ ጭሱን ነበር፣ ሞትን ነበር። እነዚያ ሁሉ ለቀውኛል። አንድ ነገር ግን አብሮኝ አርጅቷል፤ ክፉ ነገር ደርሶ ሰው ተሰብስቦ «ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሬድዮ ወሬ እንኳ ቢሆን፣ እጄ ሳላዘው ይነሳና አፌን ይይዘዋል።