የጓሯችን ሽንት ቤት በር

አባቴ ለመንደሩ ሁሉ በር የገጠመ አናጢ ነው። የጓሯችን ሽንት ቤት ግን እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ በር አልነበረውም፤ ጆንያ ነው የተንጠለጠለበት። የገባ ሰው ይዘፍናል፣ የሚመጣው ያስላል፤ ሕጋችን ይኸው ነበር። እናቴ "የሰው ገመና ስትሸፍን ትውላለህ፣ የራስህ ተራቁቶ!" ብላ ስትነዘንዘው "ነገ" ይላታል። ነገ ደግሞ አያልቅበትም።

የእጮኛዬ አባት ሊጠይቁን እንደሚመጡ ስንሰማ ግን እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። "አማቴ ጆንያ ጀርባ ቁጭ ብለው ሊዘፍኑልህ ነው?" አልኩት። አፈረ መሰለኝ፣ በማግስቱ ወፍራም በር ከነመቀርቀሪያው ገጠመ።

እንግዳው ምሳ በልተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ወጥተውም ቀሩ። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ የሉም። የእናቴ ፊት አመድ መሰለ።

"መቀርቀሪያው ይዟቸው ነው፣ ጉዴ ፈላ!" አለና አባቴ መዶሻውን ይዞ ሮጠ። እኛም ተከተልነው።

"አይዞዎት፣ አሁን እሰብረዋለሁ!"

"ኧረ እንዳይነኩት!" አሉ ከውስጥ። "ደህና ነኝ። እኛም ቤት ያለው ጆንያ ነው። ሳልዘፍን ስቀመጥ ዛሬ ገና ነው፤ እባክዎ ትንሽ ይተዉኝ።"

አባቴ መዶሻውን እንደያዘ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እናቴ ተመስገን ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

እንግዳው ሲወጡ በሩን በመዳፋቸው ደባበሱት። "ልጅቷስ የእኛው ናት፤ እንዲህ ያለ በር ግን መቼ ይሠሩልኛል?"

አባቴ "ነገ" ሊል አፉን ከፈተ። እናቴ አየችው።

"ዛሬ" አለ።