ጎሹን የማያቆመው ጥይት

ይህን ነገር ከአንዲት ሴትና ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእነሱም የነገርኳቸው ከረፈደ በኋላ ነው። የነፍስ አባቴ ንስሐ ሲያስገቡኝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ እዘረዝርና ይህቺን እዘላታለሁ። እንግዲህ ይህን የሚያነቡ እርስዎ ይስሙኝ። ደክሞኛል። ጸጸት የሚገድል ይመስለኝ ነበር፤ አይገድልም፣ ያደክማል እንጂ።

ስሜ መኮንን ነው። ዛሬ ከቦሌ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ ባለመኪና ነኝ። ድሮ ግን የውጭ አገር እንግዶችን አውሬ የማሳድን መሪ አዳኝ ነበርኩ። ቢሯችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ሾፌራችንም ዱካ ተመልካቻችንም ሰይድ ነው፤ የወሎ ሰፈር ሰው፣ ከመኪናው ጋር እንደ ሰው የሚያወራ ሳቂታ። ባልንጀራዬ ነበር። ቤቱ በልቻለሁ፤ ሚስቱ ሉባባ እንደ ወንድሟ ታየኝ ነበር።

አንድ እንግዳ ጎሽ ሊያድን መጣና ወደ ኦሞ ልንወርድ ተዘጋጀን። እኔ የምይዘውን ጠመንጃ የመምረጥ ሥልጣን የእኔ ነበር። ቢሮው ውስጥ ሁለት ነበሩን። አንዱ በጥይቱ ልክ አራት አምሳ ስምንት የምንለው ትልቁ ነው፤ ጥይቱ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ሌላው ሦስት ሰባ አምስት፣ ቀለል ያለ፣ ለብዙ አውሬ የሚሆን። እንግዳው ባሻው ይተኩስ፤ መሪው ግን ትልቁን ይይዛል። ለምን ቢሉ፣ ትንሹ ጥይት ጎሽን ይገድላል፣ ግን አያቆምም። ጎሽ ልቡን ተመትቶ እንኳ ሰው ላይ ደርሶ፣ ገድሎ፣ ከዚያ ነው የሚሞተው። ትልቁ ጥይት ግን ሲመጣ ካለበት ይጥለዋል። ይህን አላውቅም ነበር? ለጀማሪዎቹ የማስተምረው እኔ አልነበርኩም?

ታዲያ ለምን ትንሹን መረጥኩ?

ፈርቼ ነው። ጎሹን አይደለም፤ ጠመንጃውን። ኢላማ ስንለማመድ ትልቁ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ክፉኛ ረግጦኝ ትከሻዬ ወልቆ ነበር። ወጌሻ መለሰልኝ፣ ሕመሙም ለቀቀኝ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ያንን ጠመንጃ አንስቼ ቃታ ልስብ ስል ዓይኔ በራሱ ይጨፈናል። እሱን ብናገር ምን ነበረበት? ሌላ መሪ ይመደብ ነበር፤ በቃ። እኔ ግን መኮንን ነኛ! የሰፈሩ ሰው "ጎሽ ገዳዩ" ሲለኝ ደረቴን የምነፋ። እንዴት አድርጌ ጠመንጃ ፈራሁ ልበል?

ዕቃ ስንጭን ሰይድ የያዝኩትን አየና፣ "ትልቁን አትይዝም እንዴ?" አለኝ።

"ይሄ ይበቃል። ዋናው ተኳሹ ነው፣ ጥይቱ አይደለም።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አለና ሳቀ። አመነኝ። ትልቁን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

እንግዳው ጎሹን አቆሰለው። ጎሹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ የቆሰለ ጎሽ ተትቶ ስለማይኬድ ተከተልነው። ሰይድ ዱካውን እያየ ከጎኔ ነበር፤ መሣሪያ የለውም። ጎሹ ደሙን እያንጠባጠበ ሄዶ፣ ዞሮ፣ እኛኑ እየጠበቀን ኖሯል። በድንገት ወጣብን። ተኮስኩ። መታሁት፤ ደረቱ ላይ አቧራው ሲቦን በዓይኔ አይቻለሁ። አላቆመውም። ደገምኩ። አላቆመውም።

ያን ጊዜ ሮጥኩ። ጠመንጃዬን ጥዬ ሮጥኩ። እንግዳውም ሮጠ። ጎሹ በእኛ ላይ እየመጣ ነበር። ከኋላዬ ሰይድ "ሃ! ሃ! ወዲህ!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ዞር ስል ጃኬቱን አውልቆ እያርገበገበ፣ ባለበት ቆሟል። ጎሹ እኛን ትቶ ወደ እሱ ዞረ።

ስንመለስ ጎሹ ከሰይድ አጠገብ ወድቆ ሞቷል። የገደለው የእኔ ጥይት ነው። ገድሎታል፤ ግን ዘግይቶ። ሰይድ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። ቀና ሳደርገው፣ "ተረፋችሁ?" አለኝ። "ተርፈናል" አልኩት። መኪናው ጋ ሳንደርስ አረፈ።

እዚህ ድረስ ያለውን ፍርሃት ሊሉት ይችላሉ። ቀጥሎ ያለውን ግን ምን ይሉታል?

ወሎ ሰፈር ለቅሶው ላይ፣ በሸራው ድንኳን ሥር፣ ወንዶቹ ከበው "እንዴት ሆነ?" አሉኝ። እውነቱን ብናገር ቀጥሎ "ትልቁ ጠመንጃስ?" ይመጣል። እኔም፣ "ሮጠ። ቢቆም ኖሮ አተርፈው ነበር" አልኩ። እንዲህ አልኩ። ሉባባ ከውስጥ ሰምታ ወጣች።

"ሰይድ? ሰይድ ነው የሮጠው?"

"አዎ፣ ሉባባ። ደንግጦ ነው።"

ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። እግዚአብሔር ይየው፣ አልሰበርኩም። እንግዳው የሆነውን ያውቃል፤ ኤርፖርት ስሸኘው ሳያየኝ ጨበጠኝ። እሱም ስለሮጠ ዝምታው ሳይጠቅመው አልቀረም።

ወሬ ሰፈር አያጣም። ሰይድ "ሸሽቶ የሞተው" ሆነ። ያኔ ገና ድክ ድክ ትል የነበረችው ልጁ ሐያት አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ልጆቹ "የሯጩ ልጅ" ይሏት ነበር። እኔ በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ሉባባ "መኮንን አልረሳንም" ትል ነበር። ምርቃቷን እየተቀበልኩ እወጣለሁ። ማደን ተውኩ፤ ሰው ለባልንጀራዬ አዝኜ መሰለው። ለዚያም ተመሰገንኩ!

በቅርቡ ሉባባ ሞተች። ከለቅሶው በኋላ ሐያት ሥራ ስትመለስ እኔ ላድርስሽ አልኳት፤ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት። ጎሮን አልፈን መንገዱ ተጨናንቆ ስንቆም፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለችኝ።

"ጠይቂኝ።"

"እማዬ ሆስፒታል ሆና ደጋግማ 'ሰይድ ለምን ሮጠ? እኔንና ልጁን አስቦ ነው ብዬ ይቅር ልለው ብሞክር አቃተኝ' ትል ነበር። አባቴ ፈሪ ነበር? እርስዎ ያውቁታል፤ እውነቱን ይንገሩኝ።"

መኪናዋን ጥግ አስያዝኩ። ነገርኳት። ስለ ትከሻዬ፣ ስለ ትልቁ ጠመንጃ፣ ስለ ጃኬቱ ነገርኳት። "ተረፋችሁ?" ማለቱን ነገርኳት። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉብን ነበር። ሐያት አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች።

"ይሄ ቃል ለእናቴ የሚገባ ነበር" አለች። "ለእሷ ነበር መንገር የነበረብህ።"

ከልጅነቷ ጀምሮ "እርስዎ" ስትለኝ የኖረች ልጅ "አንተ" አለችኝ።

"ሐያት፣ ይቅር…"

"ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ። እኔ ምን ይዤ ነው በእሷ ፈንታ ይቅር የምልህ? ይልቅ ሮጠ ያልክበት ቦታ ሁሉ ተመልሰህ ሂድና፣ እኔ ነኝ የሮጥኩት በል። ስሙን መልስ።"

በሩን ከፍታ ወረደችና በእግሯ ወደ ፋብሪካው ሄደች።

በማግስቱ ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ያኔ ድንኳኑ ሥር ከነበሩት ብዙዎቹ ሞተዋል፤ አንዳንዶቹም ሰፈሩ ሲፈርስ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ላገኘኋቸው ጥቂቶች ነገርኳቸው። አንደኛው ጆሮው ከብዶ፣ "ማን ሮጠ?" እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። "እኔ!" ብዬ ጮህኩ፤ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ያላገኘኋቸው ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው። ምናልባት እርስዎም ወሬውን ከአባትዎ ሰምተው ይሆናል። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ሐያት ከልክላኛለች፣ ልክም ናት። የሰይድን ስም ያነሳ ሰው ካገኙ ግን፣ ቆሞ ነው የሞተው ይበሉልኝ።